ባሕረ ሐሳብን ለብሮውዘር ማስተማር፦ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018

ዛሬ ጀመርኩ። ሥራዬ ሒሳብ መያዝ ነው። ድረገጽ መሥራት የምማረው ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ነው። እስካሁን ከመማሪያ ገጾች ላይ እየቀዳሁ ስለማመድ ቆይቻለሁ። አሁን ግን የራሴ የሆነ ሥራ ፈለግሁ።

ሐሳቡ የመጣው ከእማዬ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ "ዘንድሮ ነነዌ መቼ ነው የሚገባው?" ብላ ትጠይቃለች። የግድግዳው ካላንደር የዘንድሮን ይነግራታል። የከርሞውን ስትፈልግ ግን ለአጎቴ ትደውላለች። እሱ የቆሎ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብን፣ በጣቱ ቆጥሮ ይነግራታል። እኔ ደግሞ ዓመት ስታስገባበት ጾሞቹንና በዓላቱን የሚያወጣ፣ የወሩንም ካላንደር የሚያሳይ ገጽ ልሠራላት ነው።

የመጀመሪያውን የኤችቲኤምኤል (ድረገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ፋይል ጻፍኩ። ርእስ፣ አንድ አንቀጽ፣ አንድ የቁጥር ማስገቢያ ሳጥን። ከፈትኩት። "ባሕረ ሐሳብ" ብዬ የጻፍኩት ቦታ ላይ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደርድሮ መጣ። ደነገጥኩ። ፋይሉ ላይ የፊደሉ አጻጻፍ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኮድ መሆኑን የሚናገረውን መስመር ሳላስገባ ቀርቼ ነው። አስገባሁት፤ ተስተካከለ።

ግን ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝና አንድ ሰዓት አነበብኩ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ብሮውዘሩ አጻጻፉን ካላወቀ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። "ባ" ሦስት እንግዳ ምልክት ሆና የወጣችው ለዚህ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ ቁጥር የሚያገኙበት ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ፣ በሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። ዛሬ አንድ መስመር ጽፌ ፊደሌ በየትኛውም ስልክ ላይ ይነበባል። ይህን ሳስብ ዝም ብዬ ስክሪኑን አየሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ቀኑ የፎንት ቀን ሆነ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መረጥኩ። ትንንሽ ሲሆንም ይነበባል።

ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ የእኛ ፊደል በመስመሩ ውስጥ ቁመቱን ሙሉ ይይዛል፤ እንደ ላቲኑ አብዛኛው አጭር፣ ጥቂቱ ረጅም አይደለም። ስለዚህ ብሮውዘሩ በራሱ የሚሰጠው የመስመር ክፍተት ለአማርኛ ይጠብባል። 1.8 ሳደርገው ገጹ ተነፈሰ። ሁለተኛ፣ ለማጉላት ብዬ ቃላቱን ሰያፍ አድርጌ ነበር። ፎንቱ ሰያፍ ስለሌለው ብሮውዘሩ ፊደሉን በጉልበት ያጋድመዋል፤ ያስጠላል። ደማቅ አድርጌ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ የተማርኩትን ለሰው ሁሉ መንገር አማረኝ። ሲኤስኤስ ግሪድ! ሲኤስኤስ የገጹን መልክ የሚወስን ቋንቋ ነው፤ ግሪድ ደግሞ በእሱ ውስጥ ነገሮችን በመስመርና በዓምድ መደርደሪያ።

የወሩን ካላንደር ባለፈው በሠንጠረዥ ለመሥራት ሞክሬ ነበር። ወሩ ሐሙስ ሲጀምር ከፊቱ ሦስት ባዶ ሳጥን ማስገባት፣ መስመሩ ሲያልቅ አዲስ መስመር መክፈት፣ በመጨረሻ የቀረውን መሙላት። አሰልቺ ነው። በግሪድ ግን "ሰባት እኩል ዓምድ ሥራ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ። ከዚያ ከ1 እስከ 30 ያሉትን ሳጥኖች ዝም ብዬ ደረደርኳቸው። ለመጀመሪያዋ ሳጥን ብቻ "አንቺ ከአራተኛው ዓምድ ጀምሪ" አልኳት። መስከረም 1 ሐሙስ ላይ ተቀመጠች። የቀሩት 29 ቀኖች ተከትለዋት ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ገጹን ሪፍሬሽ ሳደርግ ብድግ አልኩ።

ግሪድ በትልልቆቹ ብሮውዘሮች ውስጥ የገባው በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት ድረገጽ ሲሠሩ የኖሩትን ሰዎች ትዕግሥት አደነቅኩ።

ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ማሳየት አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወሮቻችን 30፣ 30 ቀን ናቸው። 30 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወር ከቀዳሚው ሁለት ቀን አልፎ ይጀምራል፦ መስከረም ሐሙስ፣ ጥቅምት ቅዳሜ፣ ኅዳር ሰኞ፣ ታኅሣሥ ረቡዕ፣ ጥር ዓርብ፣ የካቲት እሑድ። ይህን ዕድሜዬን ሁሉ ስኖር አላስተዋልኩትም ነበር። አሥራ ሁለቱ ወሮች ተደርድረው ሳይ የካቲት ብቻዋን ስድስት መስመር ይዛለች። ስህተት መሰለኝና ኮዱን ስፈትሽ ቆየሁ። ስህተት አይደለም። ሳምንቱን ከሰኞ ስለጀመርኩት እሑድ የሚገባ ወር የመጀመሪያ መስመሩ ላይ አንድ ቀን ብቻ ይኖረዋል፤ የመጨረሻዋ 30 ወደ ስድስተኛው መስመር ትወርዳለች።

ጳጉሜንም አምስት ቀኗን ይዛ ከታች ተቀመጠች። አሥራ ሦስት ወር በአንድ ገጽ ላይ። በጣም ታምራለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

መብራት የለም። በወረቀት ላይ ገጹ በስልክ ምን እንደሚመስል ሣልኩ። በስልክ አንድ ወር ብቻ፣ ወደ ጎን በጣት እየተገፋ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ጃቫስክሪፕት፣ ገጹ እንዲያሰላ የሚያደርገው የፕሮግራም ቋንቋ። ቀን የሚለውጥ ኮድ፣ ከፈረንጅ ወደ እኛ፣ ሁለት ማታ ሠርቼ አርባ መስመር ያህል ጽፌ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሌላ ነገር ስፈልግ ብሮውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር እንደሚያውቅ አገኘሁ! "ኢንትል" የሚባል ዕቃ አለ። ቋንቋውን አማርኛ፣ ካላንደሩን "ኢትዮፒክ" ብለህ ቀን ስትሰጠው "ኅዳር" ብሎ፣ ዓመቱንም 2018 አድርጎ ይመልስልሃል። ምንም ነገር ሳላወርድ፣ ኢንተርኔትም ሳልጠይቅ። የሆነ ቦታ ያለ ሰው የአሥራ ሦስቱን ወር ስም በየብሮውዘሩ ውስጥ እንዲገባ ለፍቷል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እግዜር ይስጠው።

አርባውን መስመር ግን አላጠፋሁትም። በሌላ ፋይል አስቀመጥኩት። እሱን ስጽፍ ነው ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ መሆኑን የገባኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

የግእዝ ቁጥር። ለእማዬ ዓመቱ ፳፻፲፰ ተብሎ እንዲወጣ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ኢንትልን ጠየቅሁት። የቁጥሩን ሥርዓት ስነግረው ችላ ብሎ በተለመደው ቁጥር መለሰ። ምክንያቱን ሳነብ ገባኝ። እሱ የሚችለው አሥር አኃዝ በአሥር አኃዝ መተካት ብቻ ነው፦ 0ን በዚህ፣ 1ን በዚያ። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ለአሥር የራሱ ምልክት፣ ለሃያ የራሱ፣ ለመቶ የራሱ። በመተካት አይሠራም፤ ማሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ራሴ ልሠራው ነው። ደስ አለኝ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ አድርገህ ትቆርጠዋለህ። 2018፦ 20 እና 18። 20 "፳" ነው። 18 "፲" እና "፰" ነው። በመሃል መቶ፣ "፻"፣ ይገባል። ፳፻፲፰። አሥራ አምስት መስመር ኮድ ሆነ። ከዚያ 100ን ሞከርኩ። "፩፻" አለኝ። እንደዚያ አይጻፍም፤ መቶ "፻" ብቻ ነው። ፊት ያለውን ፩ የሚያወልቅ መስመር ጨመርኩ። 1900 ፲፱፻፣ 2000 ፳፻፣ 7518 ፸፭፻፲፰። ልክ! ልክ! ልክ! 10,000ንም ሞከርኩ፤ "፼" ብሎ አንዲት ምልክት ሰጠኝ።

ለዝርዝሮች ደግሞ ሲኤስኤስ ውስጥ ተራ ቁጥሩን በግእዝ የሚያደርግ ቃል አለ። አንድ ቃል ጽፌ የበዓላቱ ዝርዝር ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ወረደ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

አጎቴ ቤት ሄድኩ። ላፕቶፔን፣ ደብተርና እስክርቢቶ ይዤ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሽሮ ቀረበ፤ ቡናው ተፈላ። "ጋሼ፣ ባሕረ ሐሳቡን ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ እኔ ለኮምፒውተሩ ልንገረው" አልኩት። ሣቀና "ኮምፒውተሩ ጣት አለው?" አለኝ። ከዚያ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ አስተማረኝ።

እሱ እንደነገረኝ፣ እኔ እንደጻፍኩት፦

5500 ዘመነ ብሉይ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ስትደምር ዓመተ ዓለም ይሆናል። ዘንድሮ 7518። ለ4 ስታካፍለው 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ሲያልቅ ዮሐንስ። ዘንድሮ ማርቆስ ነው። ያ 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። በዓመተ ዓለሙ ላይ ደምረህ ለ7 ስታካፍል 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ ስለሆነ 3 ሐሙስ ነው። መስከረም 1 ሐሙስ ዋለች!

እዚህ ላይ እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ። ኅዳር 13 በግሪዱ ላይ ያስቀመጥኳት ሐሙስ በሌላ መንገድ፣ በማካፈል ብቻ፣ ተመልሳ መጣች።

ቀጠለ። ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍለህ የሚተርፈው መደብ ነው፦ 13። አንድ ስትቀንስ ወንበር፦ 12። ወንበርን በ11 አብዝተህ በ30 ስትገድፍ (30ዎቹን ጥለህ የተረፈውን ስትይዝ) አበቅቴ፤ በ19 አብዝተህ ስትገድፍ መጥቅዕ። የዘንድሮው አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18። "ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ ካልሆኑ ተሳስተሃል ማለት ነው" አለኝ። ራሱን የሚፈትሽ ቀመር! ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ኮዳቸውን የሚፈትኑበት መንገድ ይኸው ነው። ድሜጥሮስ ዘእስክንድርያ ደረሰው በሚባለው ትምህርት ውስጥ አጎቴ በልጅነቱ ተምሮታል።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ (የመጥቅዑ ቁጥር የሚያርፍበት ቀን) በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት። "14 ከሆነስ?" አልኩት። "አይሆንም" አለ። እንዴት እንደማይሆን አልነገረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ከ0 እስከ 18 ያሉትን ወንበሮች ሁሉ በአንድ ዙር (ያንኑ ትእዛዝ በየተራ በሚደግም ኮድ) አስወጣኋቸው። 0፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13፣ 2፣ 21፣ 10፣ 29፣ 18፣ 7፣ 26፣ 15፣ 4፣ 23፣ 12። 14 የለችም። ዙር የሚባለውን ነገር ከመማሪያ ገጽ ላይ አውቀዋለሁ፤ የወደድኩት ግን ዛሬ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

የዕለት ተውሳክ፣ በዓለ መጥቅዕ በዋለበት ዕለት መሠረት የሚደመረው ቁጥር፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። በጃቫስክሪፕት የሳምንቱ ቀን የሚቆጠረው ከእሑድ ነው፣ እሑድ 0። ስለዚህ ዝርዝሩን 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 8 ብዬ ጻፍኩት፤ ቀኑ ራሱ ተውሳኩን ያወጣል። ምንም "እንዲህ ከሆነ" የሚል መስመር አላስፈለገም።

መስከረም 18 እሑድ ነው፤ ተውሳኩ 7፤ ሲደመር 25። ይህ ድምር መባጃ ሐመር ይባላል። ነነዌ ጥር 25። የግድግዳውን ካላንደር አየሁ። ጥር 25፣ ሰኞ፣ ጾመ ነነዌ። እማዬን ከኩሽና ጠርቼ አሳየኋት። "ይህንን እኮ ካላንደሩም ይለዋል" አለች። ልክ ናት፤ የሚቀጥለውን ዓመት ሳሳያት ነው የሚገርማት።

ከዚያ 2017ን አስገባሁ። "ነነዌ፦ ጥር 33" አለ።

መጥቅዑ 29፣ በዓለ መጥቅዕ ረቡዕ፣ ተውሳኩ 4፣ ድምሩ 33። ከ30 ሲያልፍ 30 ገድፎ ወደ ሚቀጥለው ወር መሻገር እንዳለበት አልነገርኩትም። ነገርኩት። የካቲት 3። አምና ነነዌ የገባው ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ወደኋላ እየሄድኩ ሞከርኩ። 2016 የካቲት 18፣ ልክ ነው። 2005 ላይ "የካቲት -17" የሚል ወጣ።

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። 7505 ለ19 እኩል ይካፈላል፤ መደብ 0 ይሆናል። ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ወንበሩ -1 ሆነ። በጃቫስክሪፕት ደግሞ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሲካፈል ቀሪውም ከዜሮ በታች ሆኖ ይቀራል። ለአጎቴ ደወልኩለት። ገና ሳልጨርስ "ተረፍ ሲያጣ ወንበሩ 18 ነው፤ ወደኋላ ይዞራል እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም" አለኝ። 18 አደረግኩ። የካቲት 18። ልክ።

2006 ደግሞ የገረመኝ ነው። የነነዌ ቀን ትክክል ወጥቷል፣ የካቲት 3። ነገር ግን ከላይ "በዓለ መጥቅዕ፦ ጥቅምት 0" ይላል። ወንበሩ 0 ስለሆነ መጥቅዑም 0 ሆኗል። ለአጎቴ ስነግረው "ጥቅምት 0 የሚባል ቀን እግዚአብሔር አልፈጠረም። መስከረም 30 በል" አለ። መልሱ ልክ ቢሆንም መንገዱ ልክ አልነበረም። ይህን አስተካክዬ ነው የተኛሁት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ትልቁ ፈተና። 19 ጊዜ 28፣ 532 ዓመት፤ ዐቢይ ቀመር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ከመነሻው ይደገማል። ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ነው የሚገባው። ስለዚህ ከ2000 ጀምሬ 532 ዓመት በአንድ ዙር አስኬድኩና "ሰኞ ያልሆነ ካለ ጩህ" አልኩት። አልጮኸም። ዙሩ ጨርሶ አልሄደ ይሆን ብዬ ሆን ብዬ አንዱን ተውሳክ አበላሸሁ፤ ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። መለስኩት፤ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ እወዳለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ገጹን በጊትሃብ ፔጅስ፣ ድረገጽ በሚያስቀምጥ አገልግሎት፣ ላይ አወጣሁት። በነጻ ነው። አድራሻውን ዋሽንግተን ላለችው እህቴ ላክሁላት። በደቂቃ ውስጥ መለሰች፦ "አምሮበታል፣ ግን ገናን በፈረንጅ ጃንዋሪ 6 ነው የሚለኝ።"

እኔ ጋ 7 ይላል። ቀኑን ሰዓት ሳልጨምር በጽሑፍ ብቻ ስሰጠው ጃቫስክሪፕት በግሪንዊች እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። አዲስ አበባ ያኔ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ቀኑ አልተለወጠም። ዋሽንግተን ግን ገና ያለፈው ቀን ምሽት ነው። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በቁጥር ለየብቻ ስሰጠው ተስተካከለ። እህቴ ባትኖር ይህን ስህተት መቼም አላገኘውም ነበር። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ሁሉ ላከችው።

እሑድ፣ ጥር 3

ሰርቪስ ወርከር። ገጹን አንዴ ከከፈትከው ፋይሎቹን ስልክህ ላይ አስቀምጦ ኔትወርክ ባይኖርም ይከፍትልሃል። እማዬ ዳታዋን ሁልጊዜ ነው የምታጠፋው፤ ለእሷ ይህ የግድ ነው። ስልኩን ከኔትወርክ አጥፍቼ ገጹን ከፈትኩ። ተከፈተ። አጠፋሁ፤ እንደገና ከፈትኩ። ተከፈተ።

አንድ መጠንቀቅ ያለበት ነገር፦ ኮዱን ስትለውጥ የማስቀመጫውን ስም ካልለወጥክ አሮጌውን ይዞ ይቀመጣል። ሁለት ሰዓት "ለምን አይለወጥም" እያልኩ ለፋሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ፎንቱን አቀለልኩት። የማልጠቀምባቸውን ምልክቶች አውጥቼ የቀረው መጠኑ ከግማሽ በታች ሆነ። ፊደሉን ትልቅ የሚያደርግ ቁልፍም ጨመርኩ፤ እማዬ መነጽሯን ስታጣ እንዲረዳት።

ሰኞ፣ ጥር 25

ዛሬ ነነዌ ገባ።

ማታ አጎቴ ደወለ። ገጹን የልጅ ልጁ ስልኩ ላይ ከፍታለት እያየው ነው። "እስቲ 2019ን በል" አለኝ። እኔም ከዚህ በኩል አስገባሁ። በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ፣ ተውሳክ 8። ነነዌ የካቲት 15። ትንሣኤ ሚያዝያ 24። ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። እየቆጠረ ነበር፤ በለሆሳስ "ወንበር 13… መጥቅዕ 7…" ሲል ይሰማኛል። ከቆይታ በኋላ "ልክ ነው" አለ። ቀጥሎም "ጾመ ሐዋርያትን ግን የት አደረግኸው?" አለኝ።

አላስገባሁትም ነበር። "ተውሳኩ ስንት ነው ጋሼ?" አልኩት። "29።" ላፕቶፑን ሳልዘጋ አንድ መስመር ጨመርኩ። የዘንድሮው መባጃ ሐመር 25 ሲደመር 29፣ 54፤ 30 ሲገደፍ 24። ገጹን ሪፍሬሽ አደረግሁና አነበብኩለት፦ ጾመ ሐዋርያት፣ ግንቦት ፳፬፣ ሰኞ።